ሚሊየነር ያልሆነ አይግባ

በአሜሪካ የአንድን ሰው አስተዋይነት ለመመዘን ትምህርቱን መጠየቅ፣ ልምዱን መመርመር፣ ምስክር መጥራት አያስፈልግም፤ የባንክ ሒሳቡን ማየት ይበቃል። የአገሪቱ የሰነደ ሙዓለ ንዋይና ልውውጥ ኮሚሽን ይህን ታላቅ ግኝት በደንብ ያጸደቀው በ1982 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አክሲዮኑ በአደባባይ ገበያ በማይሸጥ ስታርታፕ ወይም በሄጅ ፈንድ ውስጥ ገንዘቡን ማስገባት የፈለገ ሰው በመጀመሪያ «ብቁ ኢንቨስተር» መሆን አለበት። ብቃቱ የሚገኘው 1 ሚሊዮን ዶላር የተጣራ ሀብት በማሳየት፣ አለዚያም ለሁለት ተከታታይ ዓመታት ከ200,000 ዶላር በላይ ገቢ በማስመዝገብ ነው። በኋላ ባልና ሚስት ተደምረው 300,000 ካሟሉ አብረው እንዲያልፉ ተፈቅዷል፤ ትዳር ለማስተዋል ቅናሽ ያስገኛል ማለት ነው። ላልበቁትም ቢሆን እስከ 35 ለሚደርሱ ሰዎች የተተወች ጠባብ ቀዳዳ አለች። ነገር ግን በዚያች ቀዳዳ ማሾለክ የፈለገ ሻጭ ተጨማሪ ሰነድ ማዘጋጀት ስለሚኖርበት ብዙው ሻጭ «ምን በወጣኝ» ብሎ ይተዋታል።

የመለኪያውን ውበት ለማየት ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን ማቆም ነው። አንደኛዋ ፋይናንስ የምታስተምር፣ የኩባንያ ሒሳብ ስታነብ ከግርጌ የተሸጎጠውን ዕዳ ለቅማ የምታወጣ፣ ደመወዟ ግን 140,000 ዶላር ላይ የቆመ መምህርት ናት። ሁለተኛው የኩባንያ ሒሳብ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ፣ ትናንት ማታ ግን የብዙ ሚሊዮን ዶላር ሎተሪ የደረሰው ሰው ነው። ደንቡ መምህርቷን «አንቺ አታውቂም፣ ትከስሪያለሽ» ብሎ ከደጅ ይመልሳታል፤ ባለሎተሪውን ግን ዛሬ ጠዋት እንደ አዋቂ ወንበር ስቦ ያስቀምጠዋል። በ2020 ኮሚሽኑ ለዕውቀትም ትንሽ ቦታ ልስጥ ብሎ ደንቡን አሻሻለ። በሩ የተከፈተው ግን በዋናነት የአክሲዮን ሻጭነትና የአማካሪነት ፈቃድ ላላቸው ባለሙያዎች ነበር። ለሰው የሚሸጠው ለራሱም እንዲገዛ ተፈቀደለት፤ ገዢው ግን ማወቁን የሚያስመሰክርበት ፈተና አልተዘጋጀለትም። እንዲህ ያለ ፈተና እንዲኖር የሚያዝ ረቂቅ በ2023 የተወካዮች ምክር ቤቱን በከፍተኛ ድምፅ ቢያልፍም፣ በዚያ የምክር ቤት ዘመን ከሴኔት ሳይወጣ ቀርቷል። ተፈትኖ ማለፍ ለመንጃ ፈቃድ እንጂ ለገንዘብ አይሠራም መሰለኝ።

ደግሞ አስተዋይነት በዚህ አገር ያለምንም ጥረት እንደሚያድግ መዘንጋት የለበትም። የ1982ቱ የሀብትና የገቢ መነሻ ከዋጋ ንረት ጋር እንዲሻሻል አልተደረገም፤ ያኔ 200,000 ዶላር የሚገዛውን ለመግዛት ዛሬ ከ600,000 በላይ ያስፈልጋል። በኮሚሽኑ ባለሙያዎች ጥናት መሠረት በ1983 ብቁ የሚባለው ቤተሰብ ከመቶ 1.8 ነበር፤ በ2022 ከመቶ 18.5 ደርሷል። ሕዝቡ አሥር እጥፍ የበሰለው ዳቦና የቤት ኪራይ ስለተወደደ ነው። አንዳንዴም ወደ ኋላ መመለስ አለ። በ2010 የወጣው የዶድ-ፍራንክ ሕግ የመኖሪያ ቤት ዋጋ ከሀብቱ ሒሳብ እንዲወጣ ሲያዝ፣ ከውድ ቤታቸው በቀር ሌላ ያልነበራቸው ሁሉ በአንድ ፊርማ ከብልሆች ተርታ ወረዱ። ማታ አዋቂ ሆነው ተኝተው ጠዋት ሞኝ ሆነው ተነሡ፤ ቤቱ ግን ያው ቤት፣ ሰውየውም ያው ሰውዬ ነበር።

ደጉ ተቆጣጣሪ ተራውን ሰው ከምን እንደሚጠብቀው ካየን፣ ምን እንደተወለት ማየትም ተገቢ ነው። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ያለ አንድ ነዳጅ ማደያ እንግባ፤ ከባንኮኒው ጀርባ የቆመው ያገራችን ሰው ሊሆን ይችላል። ከሲጋራው መደርደሪያ አጠገብ፣ በፕላስቲክ መስኮት ውስጥ እየተጠቀለሉ የተሰቀሉ፣ ወርቅና ብር ቀለም የተቀቡ የሚፋቁ ሎተሪዎች ይታያሉ። የሌሊት ሥራውን ጨርሶ የገባ ሰው 20 ዶላር ያወጣል፣ ትኬቱን ይቀበላል፣ እዚያው ባንኮኒው ላይ በሳንቲም ይፍቃል፣ የተፋቀውን ብናኝ በእጁ ጠራርጎ ሌላ ይገዛል። መታወቂያ ቢጠየቅ ዕድሜው ለመድረሱ ብቻ ነው። «የተጣራ ሀብትህ ስንት ነው? ብታጣው ትቋቋመዋለህ?» የሚለው የለም። ፓወርቦል የተባለውን ሎተሪ ቆርጦ ትልቁን ዕጣ የማግኘት ዕድሉ ከ292 ሚሊዮን አንድ ነው፤ ከዚህ የባሰ ኢንቨስትመንት ለማግኘት ሆን ብሎ መፈለግን ይጠይቃል። አሜሪካውያን ለሎተሪ በዓመት ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያወጣሉ፤ አሻሻጩም አትራፊውም ጠባቂ ነኝ የሚለው መንግሥት ራሱ ነው። ከ2018ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ደግሞ ብዙዎቹ ግዛቶች የስፖርት ውርርድን ስለፈቀዱ፣ ሰው አልጋው ላይ ተጋድሞ ቀጣዩን ቅጣት ምት ማን እንደሚያገባ በስልኩ ይወራረዳል።

በአክሲዮን ገበያውም ቢሆን ተራው ሰው ሙሉ በሙሉ አልተከለከለም፤ የተፈቀደለት ነገር ግን የሚያስቅ ነው። በስልኩ ባወረደው አፕ፣ በዚያው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ዋጋ የሚያጡ የኦፕሽን ውሎችን መግዛት ይችላል። በ2020 የመኪና አከራዩ ኸርትዝ ኪሳራውን በፍርድ ቤት አስመዝግቦ እያለ፣ ያልበቁት ገዢዎች አክሲዮኑን ይሻሙበት ነበር። ኩባንያው ይህን አይቶ እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ አዲስ አክሲዮን ሊሸጥላቸው ተነሣ፤ በሰነዱም ላይ «ይህ አክሲዮን በመጨረሻ ዋጋ ቢስ ሊሆን ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ አስፍሮ ነበር። ኮሚሽኑ ጥያቄ ሲያነሣ ነገሩ ቢቆምም፣ በኪሳራ ላይ ያለን ኩባንያ ዕለት ተዕለት መግዛትና መሸጥ ለማንም ክፍት ሆኖ ቀጠለ። እንግዲህ ደንቡ ከአደጋ ይጠብቃል የሚባለው ከየትኛው አደጋ ነው? መቶ በመቶ ከሚያከስረው አይደለም፤ ያ በየመደብሩ አለ። የተከለከለው መቶ እጥፍ ሊያተርፍ የሚችለው ነው።

ለዚህ ከማሳቹሴትስ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። በታኅሣሥ 1980 አፕል ኮምፒውተር አክሲዮኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ሲያቀርብ፣ የማሳቹሴትስ ተቆጣጣሪዎች ሰነዱን አገላብጠው «ይህ ለሕዝባችን አደገኛ ነው፣ ዋጋውም ተጋኗል» አሉና በግዛታቸው እንዳይሸጥ ከለከሉ። የመሸጫው ዋጋ 22 ዶላር ነበር። ያን ቀን የተገዛ አንድ አክሲዮን ከዚያ በኋላ በተደረጉት ክፍፍሎች ብቻ 224 አክሲዮን ሆኗል፤ የእያንዳንዱን የዛሬ ዋጋ አንባቢ ራሱ ፈልጎ ያባዛ፣ እኔ የማሳቹሴትስን ሰው ሆድ ማስባስ አልፈልግም። ይህ ግዛት ታዲያ ሕዝቡን ከቁማር የሚጠብቅ ጥብቅ ገዳም እንዳይመስለን። በአሜሪካ የመጀመሪያውን የሚፋቅ ፈጣን ሎተሪ በ1974 ለገበያ ያወጣው የማሳቹሴትስ ሎተሪ ነው። በ2023 ደግሞ አንዱ 50 ዶላር የሚሸጥ የሚፋቅ ትኬት አወጣ። ከአፕል የታደገው እጅ ሎተሪውን ያቀብላል።

እዚህ ላይ አንድ ጠንቃቃ አንባቢ «አፕልን እየመረጥክ ታወራለህ፤ በዚያ ዘመን ከተነሡት የኮምፒውተር ኩባንያዎች ስንቱ አፈር እንደበላ ለምን አትነግረንም?» ሊል ይችላል። ልክ ነው። አብዛኞቹ ስታርታፖች ይወድቃሉ፤ አንዱን መርጦ ያለውን ሁሉ እዚያ ያፈሰሰ ሰው ባዶ እጁን የመቅረቱ ነገር ያመዝናል። ነገር ግን ይህ እውነት የሚደግፈው ምን ዓይነት ደንብ እንደሆነ ልብ ይሏል። ከአሥር ዘጠኙ የሚወድቅ ከሆነ መፍትሔው በጥቂቱ፣ በብዙ ቦታ፣ ቢጠፋ ቤት በማያፈርስ መጠን መግባት ነው፤ ባለሀብቶቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ደንቡ ግን «ምን ያህል?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ማን ነህ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። 1 ሚሊዮን ዶላር ያለው ጡረተኛ ሚሊዮኑን በሙሉ በአንድ ሰው ሕልም ላይ ቢያፈስ የሚያግደው የለም፤ 900,000 ያለው ጎረቤቱ ግን 500 ዶላር ልሞክር ቢል ሕጉ ይሳሳለታል።

በዚህ መሐል ዕድገቱ ራሱ ወደ ተዘጋው ክፍል ገብቷል። አማዞን በ1997 ወደ ሕዝብ ገበያ ሲወጣ ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር፤ ጠቅላላ ዋጋውም ከግማሽ ቢሊዮን ዶላር በታች ነበር። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ የመጣውን ተአምር የዳላስ አስተማሪና የቺካጎ ነርስም መጋራት ይችሉ ነበር። ኡበር በ2019 ሲወጣ ዕድሜው አሥር ዓመት፣ ዋጋው ከ80 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ ለሕዝቡ በ45 ዶላር ከቀረበ በኋላ የመጀመሪያውን ቀን የዘጋው ከዚያ በታች ወርዶ ነው። ሥጋውን የበሉት ቀደም ብለው በዝግ በር የገቡት ናቸው፤ በዋሽንግተን ጎዳናዎች ሌሊቱን ሙሉ መኪናውን ይነዳ የነበረው አበሻ ኩባንያውን ከማንም ተንታኝ ቀድሞ ያወቀ ቢሆንም፣ ለማወቁ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት አልነበረም። በእርግጥ ኩባንያዎች በግል የሚቆዩበት ምክንያት ብዙ ነው፤ የሪፖርት ወጪው፣ የሕግ ጣጣው፣ ከግል ፈንዶች የሚገኘው የገንዘብ ብዛት ሁሉ አለበት። ቢሆንም በገበያው ውስጥ የተመዘገቡት የአሜሪካ ኩባንያዎች ቁጥር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ወደ ግማሽ በወረደበት ዘመን፣ ተራውን ሰው በዚያ በቀረው ግማሽ ውስጥ ብቻ ተወስኖ ይኑር ማለት ከ1982ቱ የከበደ ክልከላ ነው።

«ሀብታሙ ግን ራሱን መጠበቅ ይችላል» ይባላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1953 የራልስተን ፑሪና ጉዳይ የሕግ ጥበቃ የማያስፈልገው ራሱን መከላከል የሚችል ሰው ነው ብሎ ፈርዷል፤ ችሎቱ ግን የተመለከተው ሰውየው ስለ ኩባንያው መረጃ ማግኘት መቻሉን እንጂ የኪሱን ውፍረት አልነበረም። ኪስ ይጠብቃል ለሚሉት የቴራኖስን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ከአንዲት የደም ጠብታ ብዙ ምርመራ እሠራለሁ ያለችው ኤሊዛቤት ሆምስ ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሰበሰበችው ከየዋህ ገበሬ አይደለም። የዋልማርት ወራሾች ወደ 150 ሚሊዮን፣ ሩፐርት መርዶክ ከ100 ሚሊዮን በላይ፣ የዴቮስ ቤተሰብ 100 ሚሊዮን ዶላር አፍስሰዋል፤ በቦርዱ ላይ እነ ሄንሪ ኪሲንጀርና ጆርጅ ሹልዝ ተቀምጠው ነበር። ከእነዚህ ሁሉ ብቁዎች መካከል ማሽኑ በእርግጥ ይሠራል ወይ ብሎ አንድ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ወስዶ ያሳየ ቢኖር ኖሮ ነገሩ በአንድ ከሰዓት ያልቅ ነበር። የላብራቶሪ ቴክኒሻኑ ግን በደመወዙ ብቁ አይደለም። በርኒ ማዶፍም በወረቀት ወደ 65 ቢሊዮን ዶላር የደረሰውን ማጭበርበር ሲሠራ ከደንበኞቹ ብዙዎቹ ባለጸጎች፣ ፈንዶችና ፋውንዴሽኖች ነበሩ። ሃሪ ማርኮፖሎስ የተባለ ተንታኝ ከ2000 ጀምሮ ለኮሚሽኑ ደጋግሞ አመልክቷል፤ ሰሚ አላገኘም። ማዶፍ በ2008 በራሱ ኑዛዜ ሲያዝ ኮሚሽኑ ደነገጠ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ድሃውን በር ላይ ሲፈትሹ ሌባው ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ከሁሉም ተቃውሞ የሚከብደው ግን የማጭበርበሩ ጉዳይ ነው፤ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። በግል የሚሸጥ ድርሻ እንደ ገበያው አክሲዮን በየሦስት ወሩ ሒሳቡ አይወጣም፤ ዋጋውን የሚያውቀው ሻጩ ነው፤ መሸጥ ስትፈልግም ገዢ የለም። አጭበርባሪ ደግሞ የሚመጣው በቋንቋህ፣ በቤተ ክርስቲያንህ ወይም በመስጊድህ፣ በማኅበርህ በኩል ነው፤ ስደተኛ ማኅበረሰቦች ይህን በገንዘባቸው ተምረውታል። እሺ፤ ግን የሀብት መለኪያው በዚህ ላይ ምን ይሠራል? ሊሰርቅ የመጣ ሰው የባንክ ደብተርህን አይጠይቅህም፤ ሕጉን የሚጥስ ነውና ይህችኛዋን ሕግ ቆም ብሎ አያከብርልህም። «ይቅርታ፣ ሀብትህ አልሞላም፣ አልሸጥልህም» የሚልህ ሐቀኛው ብቻ ነው። ስለዚህ ደንቡ ሐቀኛውን ሻጭ ከተራው ሰው ያርቃል፤ ሌባውን ግን ከነገበያው ይተውለታል።

ለዚህ የራሳችን ማኅበረሰብ ጥሩ ማሳያ አለው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለዓባይ ግድብ የሚሆን ቦንድ ከ2011 እስከ 2014 በአሜሪካ ለሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ሸጧል፤ በየከተማው ስብሰባ ተደርጎ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተነግሮ ከ3,100 በላይ ሰዎች ወደ 5.8 ሚሊዮን ዶላር ሰጥተዋል። በ2016 ኮሚሽኑ ቦንዱ አልተመዘገበም ብሎ ከሰሰ፤ ድርጅቱም ወደ 6.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የኮሚሽኑ ነጥብ ተገቢ ነበር፤ ገንዘቡን በስሜት የሚሰጥ ሰው አደጋውን በጽሑፍ የማየት መብት አለው። ምዝገባ ማለትም ይኸው መረጃ ነው። ነገር ግን ያው ቦንድ፣ በዚያው ወለድና በዚያው አደጋ፣ አዳራሽ ሳይሰበሰብና ሬዲዮ ሳይነገር፣ ለጥቂት ሚሊየነሮች በሹክሹክታ ቢሸጥ ኖሮ ሕጉ ያለ ምዝገባ የሚያልፍበት በር አዘጋጅቶለታል። መረጃ ይኑር ማለት አንድ ነገር ነው፤ መረጃ የማይቀርብበት ግብዣ ለሀብታም ብቻ ይከፈት ማለት ሌላ ነው።

መካከለኛ መንገድ እንደሌለ እንዳይመስልም፣ ኮሚሽኑ ራሱ ሠርቶታል። ከ2016 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የክራውድፈንዲንግ ደንብ ማንኛውም ሰው በተፈቀደ ድረ ገጽ በኩል ከትንንሽ ኩባንያዎች ድርሻ መግዛት ይችላል። ገቢው ወይም ሀብቱ ከ124,000 ዶላር በታች የሆነ ሰው በዓመት ማስገባት የሚችለው 2,500 ዶላር ወይም ከመቶ አምስቱን፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ነው። ኩባንያውም ሒሳቡን በተወሰነ መልክ ይፋ ያደርጋል። ጥያቄው «ማን ነህ?» ሳይሆን «ምን ያህል?» ሆነ፤ ሰማይም አልተደፋም። ታዲያ ይህ ትክክል ከሆነ፣ ኩባንያው በዓመት ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሰብሰብ እንዳይችል ለምን ታጠረ? የሚያድገው ኩባንያ ያንን ወሰን ሲያልፍ ወደ ሀብታሞቹ ክፍል ይገባላ። አገር ቤት ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2024 የ10 ከመቶ ድርሻውን ለሽያጭ ሲያቀርብ ማንም የሀብት ማስረጃ አልተጠየቀም፤ በቴሌብር ቢያንስ 33 አክሲዮን በ9,900 ብር፣ ቢበዛ 3,333 አክሲዮን ተባለ። ጣሪያው የተበጀው ባለቤትነቱ ለብዙ ሰው እንዲዳረስ ቢሆንም፣ አንድ ሰው ቤቱን ሸጦ ሁሉን በአንድ ቦታ እንዳያፈስም በዚያው ያግዳል። የካፒታል ገበያ ገና ዳዴ በሚልበት አገር ይህን ያህል ማሰብ ከተቻለ፣ ዎል ስትሪትን ለ90 ዓመት የተቆጣጠረ ተቋም ይቸግረዋል ለማለት ያስቸግራል።

አሁን ግን ደስ የሚል ዜና መጥቷል፤ ተራው ሰው በድንገት በስሏል። በነሐሴ 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ባወጡት ትእዛዝ፣ የሠራተኛው 401ኬ የጡረታ ቁጠባ ወደ ግል ኩባንያዎች ድርሻና ወደ ሌሎች አማራጭ ኢንቨስትመንቶች እንዲገባ በሩ እንዲከፈት ተነግሯል። ጊዜው መመረጡም ያስደንቃል። ወለድ ከ2022 ጀምሮ ከጨመረ ወዲህ የግል ኢኩዊቲ ፈንዶች የገዟቸውን ኩባንያዎች የሚረከባቸው አጥተው ተቸግረዋል፤ በ401ኬ ውስጥ ደግሞ ከ8 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ተቀምጧል። አማዞን በሦስት ዓመቱ ሲወጣ የነበረውን ዓይነት ዕድል ከተራው ሰው ለዓመታት የደበቀው ሥርዓት፣ ባለጸጎቹ መውጫ ሲፈልጉ መግቢያውን ከፈተለት። እዚህ ግን ሠራተኛው ራሱ ኩባንያ አይመርጥም፤ የሚመርጥለት የፈንዱ አስተዳዳሪ ነው፤ ገንዘቡንም በፈለገ ጊዜ አያወጣም። ለአስተዳደሩ የሚከፍለው ዓመታዊ ክፍያም ከተራ ኢንዴክስ ፈንድ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለዚህኛው አደጋ ግን ማንም የ1 ሚሊዮን ዶላር ማስረጃ አልጠየቀውም።